የወንዝ ውሃ መጥራትና መደፍረስ ለዓሣ አጥማጁ ምን ይነግረዋል?

ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ ወንዝ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ካሉት ድልድዮች በአንዱ ላይ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ወንዙ በዓመት ውስጥ ሁለት የተለያየ መልክ ያሳየዋል። በሐምሌና በነሐሴ አፈር ተሸክሞ፣ ቀልቶና ገንፍሎ ይጋልባል። በጥርና በየካቲት ደግሞ ቀጥኖና ጠቆር ብሎ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ ይንፏቀቃል። በዚህ ወንዝ ዳር ዓሣን የሚያነሣ ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ውሃው ላፍቶ ላይ አይቆምም። ወደ አባ ሳሙኤል ወርዶ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም በ1952 ዓ.ም. የተሠራውን የቆቃ ግድብ ሐይቅ ይሞላል። በቆቃና ከዚያ በታች ባለው የአዋሽ ወንዝ ዳር ደግሞ ከዓሣ የሚገኘው ገቢ ለአያሌ ቤተሰብ የዕለት እንጀራ ነው።

ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ባለው የወንዝ ዳር ለሚኖሩ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የውሃው መልክ ተራ ነገር አይደለም። ከእርሻ ሥራው ጎን ለጎን ዓሣ የሚያጠምድ አባል ወንዙ ዳር ደርሶ ውሃውን ሲያይ፣ በልቡ ሦስት ጥያቄ ይዞ መሆን አለበት። ዛሬ ዓሣ ይያዛል ወይ? ውሃው ውስጥ መግባት ያሰጋል ወይ? የተያዘውስ ዓሣ ለቤተሰብ ምግብ ይሆናል ወይ? የውሃው መጥራትና መደፍረስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በቂ መልስ ይሰጣል። ለሦስተኛው ግን አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ይመስለዋልና።

ውሃን የሚያደፈርሰው ምንድን ነው?

ድፍርስ ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚመጣው ከእርሻ ማሳ፣ ከተራቆተ ተራራና ከመንገድ ዳር የታጠበ አፈር ነው። አረንጓዴ የሆነው በውሃው ውስጥ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ዕፀዋት ሲራቡ የሚፈጠር መልክ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ውሃው በተኛበት በሐይቅና በኩሬ ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚሸትና አረፋው ቶሎ የማይጠፋው ከመኖሪያ ቤትና ከፋብሪካ የተለቀቀ ፍሳሽ የገባበት ነው። ከእነዚህ ሌላ፣ እንደ ቀጭን ሻይ ቀለም ይዞ ታቹ ግን ወለል ብሎ የሚታይ ውሃ አለ። ይህ የበሰበሰ ቅጠል ያቀለመው የጫካ ውሃ ስለሆነ፣ ቀለም ስላለው ብቻ ድፍርስ ነው ሊባል አይገባም።

እነዚህን ለመለየት አንድ ነጭ የመስታወት ጠርሙስ ይበቃል። ጠርሙሱን በወንዙ ውሃ ሞልቶ ሳይነቀንቁ በጥላ ሥር ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ደቃቁ አፈር ሰዓታት ይፈጅበታል፤ የመረሬና የሸክላ አፈር ዱቄት ግን ቀናት ቢቆይም ጨርሶ ላይወርድ ይችላል። አረንጓዴው ሳይዘቅጥ ይንሳፈፋል ወይም በውሃው መካከል ይቀራል። ዝቃጩ ሁሉ ከወረደ በኋላ ከላይ የቀረው ውሃ ቀለም ካለው፣ ያ ቀለም በውሃው የሟሟ ነገር ነው ማለት ነው። ጠርሙሱን ከድኖ መነቅነቅና አረፋው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ መመልከትም ይጠቅማል።

በሳህንና በሲባጎ መለካት

ውሃው ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል የሚለው ነገር በአነጋገር ብቻ ሲሆን ያከራክራል። አንዱ “ጠርቷል” ያለውን ሌላው “ገና ነው” ይላል። በልክ የተናገሩ እንደሆነ ግን ክርክሩ ያበቃል። አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከሮም ሊቀ ጳጳሳት መርከብ ሆኖ፣ ክብ ሰሌዳዎችን በገመድ ወደ ውሃ እያወረደ የሚሰወሩበትን ጥልቀት ለክቶ ነበር። በየአገሩ ያሉ የሐይቅ ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ። ለሐይቅ የሚጠቀሙበት ሰሌዳ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው። በየሄዱበት የሚይዙት መሣሪያ ይኸው ሰሌዳና ገመዱ ነው፤ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ በሳይንስ ቤት ብዙ አይገኝም።

በማኅበር ደረጃ ደግሞ ነጭ የብረት ሳህን ወይም ነጭ የተቀባ የቀለም ጣሳ ክዳን ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ክዳኑን መሐሉን በስቶ ሲባጎ ማሰርና ከሥሩ እንዲያሰጥመው ድንጋይ ማንጠልጠል ነው። ሲባጎው በየስንዝሩ ይቋጠራል። ሳህኑን ቀስ ብሎ አውርዶ ከዓይን የተሰወረበትን ቋጠሮ መያዝ፣ ከዚያም ወደ ላይ ስቦ እንደገና የታየበትን ቋጠሮ መያዝ፣ የሁለቱንም መካከለኛ ልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ወራጅ ውሃ ላይ ግን ችግር አለ፤ ኃይለኛው ጅረት ሲባጎውን ስለሚያጋድለው ልኩ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው በሚተኛበት ዳር መለካት ወይም ክዳኑን በቀጥተኛ በትር ጫፍ ላይ በምስማር መትቶ፣ በትሩን በቢላ በየስንዝሩ ጭረት ማውጣት ይሻላል። የሚለካውም ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከኋላ ሆና፣ የለካው ሰው ጥላ በውሃው ላይ ሲያርፍ ቢሆን ነጸብራቁ አያታልልም። ዛሬ አንድ ሰው፣ ነገ ሌላ ሰው፣ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ከተለካ ልኩ አይነጻጸርም። አንድ ቦታና አንድ ሰው መመደብ ያስፈልጋል።

ሳህን ያልያዘ ሰው የራሱን እግር ይጠቀማል። በተረጋጋና በሚያውቀው ዳር እስከ ጉልበቱ ገብቶ የእግሩ ጣቶች ከታዩት ውሃው ጠርቷል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ገብቶ ጣቶቹ ከጠፉት ግን ውሃው ገና ጭቃ ነው፤ ወደፊት መራመድም አይገባውም።

ዓሣው በየትኛው ውሃ ይያዛል?

ዓሣ ሁሉ በዓይኑ አይታደንም፣ በዓይኑም አያድንም። አምባዛ አራት ጥንድ ጢም አለው፤ የሚበላውን የሚያገኘው በመዳሰስና በማሽተት ስለሆነ ድፍርስ ውሃና ሌሊት አይከለክሉትም። ከዚህም በላይ ከአየር ላይ መተንፈስ ስለሚችል ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ጭቃ ውስጥ ይቆያል። በክረምት መግቢያ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብስ አምባዛ ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ወጥቶ ይራባል። በዚህ ጊዜ ያለ ብዙ ድካም ይያዛል። የተያዘችው ግን እንቁላል የተሸከመች እናት ልትሆን እንደምትችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ቆሮሶ ደግሞ በተቃራኒው ዓይኑን ይጠቀማል። ሞቅ ያለና የተረጋጋ ዳር ይወዳል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ጎርፍ ሲመጣ ከወራጁ ሸሽቶ ወደ ጥግ ይገባል፤ መንጠቆም በቀላሉ አይነካም። በአማራ ክልል ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው የጣና ዓሣ ጠባዩ የተለያየ ነው። ከፊሉ ከታች ያለውን ይለቅማል፤ ከፊሉም ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይበላል። አሳዳጁ የግድ ማየት አለበት።

በዚህም መሠረት እንደ መነሻ የሚያገለግል ልክ ማውጣት ይቻላል። ሳህኑ ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ የሚሰወር ከሆነ ለቆሮሶና ለነጭ ዓሣ መንጠቆ መጣል ጊዜ ማባከን ነው፤ ከተቻለም ጠረን ያለው ነገር፣ ለምሳሌ የመሬት ትል ወይም ጉበት፣ ከወራጁ ገለል ባለ ጥግ ለአምባዛ ይጣላል። ሳህኑ ከአንድ ስንዝር አልፎ እስከ አንድ ክንድ ድረስ የሚታይበት ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ወንዙ እየጎደለ ሲሄድ ነው። ጎርፉ ከየዳሩ ትልና ነፍሳት አጥቦ ስላስገባ ዓሣው ለመብላት ይወጣል፤ ውሃው ደግሞ ምግቡን ያሳየዋል እንጂ አጥማጁን አያሳየውም።

ከአንድ ክንድ በላይ የጠራ ውሃ ለጀማሪ ያጓጓል፤ ለዓሣ አጥማጅ ግን ከባድ ነው። ሰው ዓሣውን ሲያይ ዓሣውም ሰውን ያያል። በውሃው ላይ የወደቀ ጥላ፣ ወፍራም ክር፣ የእግር ኮቴ ሁሉ ያባርረዋል። በወራጅ ውሃ ውስጥ ዓሣ ፊቱን ወደ ወንዙ መምጫ አድርጎ ስለሚቆም፣ ከታች በኩል ቀስ ብሎ መቅረብ፣ ከደንገል ወይም ከቁጥቋጦ ኋላ መቆም፣ ቀጭን ክር መጠቀምና ጎሕ ሲቀድ ወይም ሲመሽ መውጣት ያስፈልጋል። በጋምቤላ የባሮ ወንዝ ሲጎድል በጦር ዓሣ የሚወጉ ሰዎች ጦራቸውን ዓሣው በሚታይበት ቦታ ላይ አይወረውሩም፤ ዝቅ አድርገው ነው። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያልና።

ይኸው የብርሃን መታጠፍ ሌላ አደጋ አለው። ከላይ ቀጥ ብለው የተመለከቱት የጠራ ውሃ አራት ክንድ ጥልቀት ቢኖረው፣ ለዓይን የሚመስለው ሦስት ክንድ ብቻ ነው። “ታቹ ይታያል፣ ጥልቅ አይደለም” ብሎ የሚገባ ዋና የማይችል ሰው የሚሰጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ነገር አይደለም።

ድንገት የሚደፈርስ ውሃ

ወንዝ ውስጥ የቆመ ሰው ከምንም ነገር በላይ ሊጠነቀቅ የሚገባው የጠራ ውሃ በዓይኑ ፊት ሲደፈርስ ነው። ላፍቶ ላይ ፀሐይ እያለ በወጨጫ ወይም በእንጦጦ ተራራ ኃይለኛ ዝናብ ሊጥል ይችላል። ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ምልክቶች ይቀድሙታል። የውሃው ቀለም ይለወጣል፣ ገለባና ቅጠል ተንሳፎ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ከውሃ በላይ የነበረው ድንጋይ ይርሳል፣ ከላይ በኩል ድምፅ ይሰማል። እነዚህ ከታዩ መረቡንም መንጠቆውንም ትቶ ወዲያውኑ ከፍ ወዳለ ቦታ መውጣት ነው፤ ለመረብ ተብሎ የሚጠፋ ደቂቃ ብዙ ያስከፍላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ አስፋልትና ጣሪያ ውሃ ስለማይመጡ ጎርፉ ከገጠሩ ይልቅ ይፈጥናል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በድሬዳዋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

አንድ ማኅበር በወንዙ ዳር በጭረት የተለካ እንጨት ቢተክልና በየጧቱ የውሃውን ከፍታና በሳህን የተገኘውን ልክ በደብተር ቢያስመዘግብ፣ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ወንዙ ከዝናብ በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚሞላና በስንት ቀን እንደሚጠራ ራሱ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከየትም መጽሐፍ አያገኘውም፤ እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ ጠባይ አለው።

የጣና ገባሮችና የአፈር ጉዳይ

የውሃ መደፍረስ የአንድ ቀን አጥማጅን ብቻ አያስቸግርም፤ የዓሣውን ዘርም ይጎዳል። የጣና ነጭ ዓሣ በርካታ ዝርያዎች በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በመሳሰሉት ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ እንቁላላቸውንም ውሃው በሚፈጥንበት፣ ጠጠሩ ንጹሕ በሆነበት ቦታ ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል አየር ያለው ውሃ እያለፈበት መቆየት አለበት። ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው ይታፈናል። ተራራው ሲራቆት፣ ማሳው ያለ እርከን ሲታረስ ወንዙ የሚሸከመው አፈር ይጨምራል፤ ገበሬው አፈሩንም ዓሣውንም በአንድ ጎርፍ ያጣል። ደለሉ ሐይቁ ደርሶም ውሃውን ያደፈርሰዋል።

ችግሩ ከአፈር ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ የሚካሄድ ዓሣ ማጥመድ ከተጀመረ በኋላ፣ ለመራባት በወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበውን ዓሣ መያዝ ቀላል ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገ ጥናት የነጭ ዓሣ ብዛት በክብደት ሲታይ በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱ ታውቋል። አሥር ዓመት ለአንድ ሐይቅ ምንም ያህል ጊዜ አይደለም።

በበጋ ውሃው ሲጠራና ወንዙ ወደ ኩሬነት ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይከተላል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በኩሬው ውስጥ ይበተናል፤ ዓሣውም ትልቁም ትንሹም ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ዘዴው ጥንታዊ ነው። ዕድሜው ግን ከጥፋት አያድነውም፤ ለቀጣዩ ዓመት የሚተርፍ ጫጩት አይቀርምና። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል። በጠራ ኩሬ ላይ ብዙ ዓሣ ሕይወት አጥቶ ሲንሳፈፍ የተገኘ እንደሆነ፣ የሞተበት ምክንያት ሳይታወቅ ሰብስቦ ወደ ገበያ ማውጣት በሰው ጤና መቀለድ ነው።

የጠራውና ንጹሑ

አሁን ወደ ላፍቶ እንመለስ። በትንሹ አቃቂ ዳር ለአያሌ ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት በወንዙ ውሃ እየለማ ለከተማው ገበያ ሲቀርብ ኖሯል። ተመራማሪዎች ይህን አትክልትና አፈሩን ወስደው በመረመሩ ጊዜ እንደ ክሮምየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ክሮምየም በቆዳ ማልፊያ ሥራ ላይ የሚውል ነገር ነው። እነዚህ ብረቶች በውሃ ሲሟሙ ቀለም ላይኖራቸው፣ ላይሸቱም ይችላሉ። ነጩ ሳህን እስከ ሁለት ክንድ ቢታይም ስለ እነርሱ ምንም አይናገርም። ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ወለል ያለ ውሃም እንዲሁ ነው። ማፍላት የኮሌራንና የተቅማጥን ተሐዋስያን ይገድላል እንጂ ብረትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል።

ከፋብሪካና ከከተማ በታች ከሚገኝ ወንዝ የተያዘ ዓሣም በዚሁ ዓይን መታየት ይገባዋል። ከታች ከደለሉ ውስጥ የሚበላው አምባዛ፣ በደለሉ የተከማቸውን ነገር አብሮ ይወስዳል። በተለይ ጉበቱ፣ ኩላሊቱና ስንጥቡ የሚከማችባቸው ክፍሎች ስለሆኑ ጨርሶ መብላት አይገባም። ሥጋው ለምግብ መዋሉን የሚወስነው ግን በዓይን ማየት ሳይሆን የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በአንጻሩ ከእርሻ አፈር የተነሣ ቀይ ሆኖ በደፈረሰ የገጠር ወንዝ ውስጥ የተያዘ አምባዛ፣ ፍሳሽ ያልነካው እስከሆነ ድረስ በሚገባ በስሎ ቢበላ የሚያሰጋ ነገር የለውም። ለዓይን የሚያስጠላው ውሃ ለሆድ የሚስማማ፣ ለዓይን የሚያምረው ውሃ ለሆድ የማይስማማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ የማኅበር መሪ በምን ይለያል? በመጀመሪያ ወንዙን ሽቅብ መከተል ነው። ከላይ ምን አለ? ፋብሪካ፣ ቄራ፣ የመኪና እጥበት፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ ካለ ከሥሩ ያለው ውሃ ቢጠራም አይታመንም። ቀጥሎ በውሃው ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት ማየት ነው። ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ ልዩ ልዩ ነፍሳትና ጥቃቅን ዓሦች የሚገኙበት ወንዝ ሕይወት አለው። ውሃው ጠርቶ ሳለ ከድንጋዩ ሥር ቀይ ቀጫጭን ትሎች ብቻ ከተገኙ ወይም ምንም ካልተገኘ፣ ያ ወንዝ ተመርዟል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ በሰበታ የሚገኘው፣ ለጣና አካባቢ ደግሞ በባሕር ዳር ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ስለ ዓሣና ስለ ውሃ የሚያውቁ ባለሙያዎች አሏቸው። ለባለሙያ የሚቀርብ ማኅበር “ውሃችን ተበላሽቷል” ከማለት ይልቅ የተለካበትን ቀን፣ የሳህኑን ልክ፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ ከላይ ያለውን የፍሳሽ ምንጭ የያዘ ደብተሩን ይዞ ቢሄድ ጉዳዩ ቶሎ ይታይለታል። ናሙና የሚወሰድበትን ዕቃና አወሳሰዱን ግን አስቀድሞ ከባለሙያው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ዘይት ወይም ሳሙና በነበረበት ጠርሙስ የተወሰደ ውሃ ለምርመራ አይሆንምና።